ነጠላ ሥር የሚበላው ልጅ

ሠላሳ አራት ዓመት ለሰው ምግብ ሠርቻለሁ። ለፋብሪካ ሠራተኛ ሠርቻለሁ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ሠርቻለሁ፣ ለሰርግና ለክርስትናም ሠርቻለሁ። ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ «አስካለ የማታውቀው የወጥ ቤት ነገር የለም» ብለው ሸኙኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ግን ውሸት ነበር። ከመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጀምሮ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ባለፈው ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ልደት ላይ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ይህን የምጽፈው ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ባስቀምጠው ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው። ባይገባኝም ለአንባቢ ይገባው ይሆናል።

ጎረቤቴ ሰላማዊት ትባላለች። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፣ እሷ አራተኛ። አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳችና ገና ሳትቀመጥ፣ «እትዬ አስካለ፣ የናሆም አራተኛ ዓመት ልደት ደርሷል፤ ቀለል ያለ ምግብ ያስቡልኝ» አለችኝ።

«ስንት ሰው ነው?»

«ብዙም አይደለም። ልጆቹ ስልሳ ቢሆኑ ነው። ከወላጆቻቸው ጋር መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ...»

«ይሄ ነው ብዙም አይደለም?»

ሳቀች። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሳቋ ጠፋ።

ናሆምን አውቀዋለሁ። ዓይኑ ትልልቅ፣ ክንዱ ቀጭን፣ ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም የሚለኝ ጨዋ ልጅ ነው። በዚህ ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል፤ ከገባ ጀምሮ ግን አንድም ቀን ምሳውን በልቶ አያውቅም። ምሳ ዕቃው እንደተዘጋ ይሄዳል፣ እንደተዘጋ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ይበላል። የሚበላው ግን በር ተዘግቶ፣ አያቱ እማማ ፋንታዬ ነጠላቸውን ጣል አድርገውበት፣ ከእሳቸው በቀር ማንም ሳያየው ነው። ሲወለድ በጣም ትንሽ ስለነበር የሰው ዓይን እንዳያገኘው ብለው እንደዚያ አለመዱት። እናቱ ቢሮ ትውላለች፣ አባቱ ሹፌር ስለሆነ ክፍለ አገር ይሰነብታል፤ ልጁ ያደገው በአያቱ እጅ ነው።

«እየከሳብኝ ነው» አለችኝ። «ሐኪም አሳየሁት። ምንም የለበትም፣ ብቻ ይብላ ይሉኛል። ልደቱ ላይ ስልሳ ልጅ አንድ ላይ ሲበላ ካየ እሱም ይበላል ብዬ ነው እንጂ ድግስ አምሮኝ እንዳይመስልዎት። አንዴ እንኳ ከሰው ጋር ቢበላልኝ ሌላው ይከተላል። እባክዎ፣ እምቢ የማይለው ነገር ያስቡልኝ።»

እሺ አልኳት። በሩን ዘግቼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ግን እሺ ማለቴ ቆጨኝ። እንደዚህ ያለ ልጅ በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ያኔ ያደረግሁትን ዛሬም ለራሴ ይቅር አላልኩም። እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ሥራውን ስላስተማሩኝ ሰው ልናገር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነፋስ ስልክ አካባቢ የነበረ አንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ተቀጠርኩ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ዘነቡ ይባላሉ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ሲቆጡ ጨርሶ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ሽንኩርት እንድከትፍ ሰጡኝና ጀርባቸውን አዞሩ። ከትፌ ስጨርስ መጥተው ክትፋቱን ሳይሆን ቢላውን አዩት። «ከሽንኩርቱ ጋር ተጣልተሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የቢላው አፍ ደንዝዞ ሽንኩርቱን ጨፍልቄው ነበር። የተጨፈለቀ ሽንኩርት ደግሞ ውኃ ያወጣል፣ ቁሌቱ አይበስልም፣ ይቀቀላል።

የእትዬ ዘነቡ ትልቁ ልማድ ግን ሌላ ነበር። ከአራት መቶ በላይ ሠራተኛ ሲመገብ አንድም ቀን ቀና ብለው የሰው አፍ ሲያዩ አላየኋቸውም። ምግቡ ሲወጣ ወደ ጓዳ ይገባሉ። የሚወጡት ትሪ ሲመለስ ነው። የመመለሻው መስኮት አጠገብ ቆመው የተረፈውን ብቻ ያያሉ። «የሚበላውን አትቁጠሪ፣ የማይበላውን ቁጠሪ» ይሉኝ ነበር። ከትሪው ላይ ብዙ ነገር ያነቡ ነበር። የዳቦው ቅርፊት ከቀረ ጥርሱ የታመመ ሰው አለ፤ ወጡ ቀርቶ እንጀራው ካለቀ ጨው በዝቷል። አንዴ ደግሞ አንድ ትሪ በየቀኑ ፍርፋሪ እንኳ ሳይኖርበት ጥርግ ብሎ ሲመለስ አዩ። ሰውየው እንጀራውን በሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሱ አንድ እንጀራ ይጨመራል፤ እትዬ ዘነቡ ግን አንድም ቀን ፊቱን አላዩትም፣ እሱም አንድም ቀን አላመሰገነም።

አንድ ጊዜ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ሠራተኛው ምግቡ ሲሠራ ቢያይ እምነት ያድርበታል አለና የወጥ ቤቱን ግድግዳ አስፈርሶ ትልቅ መስኮት አስወጣለት። በማግስቱ እትዬ ዘነቡ ማዳበሪያ ጆንያ ተርትረው መጋረጃ ሰቀሉበት። አስወረደው። ሰቀሉት። እንዲህ ሲሉ ሁለት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ሰውየው ደከመውና ተወው። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል የደረስኩ፣ ነገር አወቅሁ የምል ልጅ ነበርኩና ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ እውነት የሰው ዓይን ምግብ ላይ ያድራል?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉኝ። «መክደን ግን አይከብድም።»

መልስ ይሁን አይሁን አልገባኝም። ደግሜ ብጠይቅ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አልጠየቅሁም።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሄጄ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ዋና ወጥ ሠሪ ሆንኩ። ደመወዙ በመጠኑ ይሻል ነበር፤ የሚሞላው ወረቀትም ብዙ ነበር፤ ሁለቱንም እዚህ ላይ ልተዋቸው። ደስ ያለኝ የሕፃን ምግብ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ ነው። አዋቂ ወጡን በእንጀራ ያበርደዋል፤ ሕፃን ትኩሱን እንዳለ አፉ ይከተዋል። ስለዚህ ለሕፃን የሚቀርብ ምግብ ወጥቶ ክንድሽ ላይ ስታስነኪው ሙቀቱ የማይሰማሽ መሆን አለበት። መጠኑም በጣቱ ልክ ነው እንጂ በማንኪያ ልክ አይደለም፤ ሕፃን በእጁ ያልያዘውን አያምነውም። ይህን ሁሉ በሥራ ላይ ተማርኩ። ሦስት ቀን ስለ ንጽሕና ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀት ስላገኘሁ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከእትዬ ዘነቡ የበለጥኩ መሰለኝ።

እዚያ ቤዛ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ምግብ ሲቀርብ ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ በክንዷ ሳህኗን ከልላ ነበር የምትበላው። ቀስ ብላ፣ ግን ትበላለች። ማንንም አላስቸገረችም። ያስቸገረው እኔን ነው። ይህ የኋላ ቀር ልማድ ነው፣ እኔ አስተዋታለሁ አልኩ። አንድ ቀን ቅቅል እንቁላል ባቀረብኩ ጊዜ እጇን ይዤ መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳትና ልጆቹን አስነሣሁ። «ቤዛ ብይ! ቤዛ ብይ!» እያልን አጨበጨብን። ልጅቷ እንባዋ እየወረደ በላች። አልጨረሰችም፣ ግን በላች። ድል ያደረግሁ መስሎኝ አቀፍኳት።

ከሰዓት በኋላ አስመለሳት። ወደ ማታ አተኮሳት። በማግስቱ እናቷ ዩኒፎርሙን አጥፋ ይዛ መጣች፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና፣ «ምን አድርጋችሁብኝ ነው?» አለች። ልጅቷ ተመልሳ አልመጣችም።

ከዚያው ድስት ሌሎቹ ልጆች ሁሉ በልተዋል፤ አንዳቸውም አልታመሙም። ዳይሬክተሯ ጉንፋን ነው አለች። ጽዳት ሠራተኛዋ የሰው ዓይን ነው አለች። እንቁላሉ ይሁን፣ ዓይን ይሁን፣ ጭብጨባዬ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከወራት በኋላ እናቷን ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋት። ልጅቷ ደህና ናት ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ፈርቼ በሌላ መደዳ አለፍኩ። በሥራ ዘመኔ ያሳረርኩት ድስት ብዙ ነው፤ እንደዚያች ቀን ግን የተጸጸትኩበት የለም።

እትዬ ዘነቡ ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር። ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን፣ «ያጨበጨብሽው ለማን ነው?» አሉኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተመለስኩ።

እንግዲህ ለሰላማዊት እሺ ማለቴ የቆጨኝ ለዚህ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ እማማ ፋንታዬ ወረዱ። እሳቸው የመንዝ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ሰባን አልፈዋል። ሕንጻችን ውስጥ ሰው ፊት ሲበሉ ያያቸው የለም፤ ዝክርም ሆነ ክርስትና ሲጠሩ ድርሻቸውን ሸፍነው ይዘው ወደ ቤታቸው ይወጣሉ። ሰዉ ለምዶታል።

«አስካለ» አሉኝ፣ «ልጄ የልጅ ልጄን ገበያ ልታወጣብኝ ነው።»

«ልደት ነው እኮ እማማ።»

«ድግሱን ትደግስ። የፈለገችውን ትጥራ። ልጁን ግን እኔ ላይ ቤት አብልቼው ይውረድ። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ይገባሻል።»

ምን ልበል? እሺ አልኩ። ለእናቲቱ ልጁ ርቦት ወርዶ ከሰው ጋር ይበላል ብያለሁ፤ ለአያቲቱ ጠግቦ ይወርዳል አልኩ። አንዱን ልጅ በአንድ ቀን ለሁለት ሰው ቃል ገባሁት። ባለሙያ ነኝ ባይ ሴትዮ!

ቀለል ያለ ምግብ የሚሉት ነገርም ቀላል አይደለም። አባትየው ስልክ ደውሎ «አንድ በግ ብቻ ይበቃል» አለ፤ ለእሱ ቀለል ያለ ማለት ሁለተኛውን በግ መተው ነው። ሰላማዊት ከስልኳ ላይ የዝንጀሮ ፊት ያለው ዳቦ አሳየችኝ። እኔ ሦስት ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ጽፌ እሰርዛለሁ፣ ሰርዤ እጽፋለሁ።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። የአዋቂዎቹን የጎረቤት ሴቶች ይሠሩታል፤ እኔ የልጆቹን እይዛለሁ። ልጆቹ ከአንድ ትሪ እንዲበሉ ፈልጌያለሁ። ሥጋ ከገባ የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ትሪው ይለያያልና ሥጋን ሰረዝኩ። እንቁላልን የሰረዝኩበትን ምክንያት አንባቢ ያውቃል። ፈንዲሻ ለአዋቂዎቹ ይሁን፤ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። የቀረው ድንች፣ ሩዝ፣ ምስር ሳንቡሳ፣ ትንንሽ ዳቦና ሙዝ ነው። ጎመን በጤና ይባል የለ? ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅዬ፣ አብርጄ፣ ልጬ፣ በሕፃን ጣት ልክ ቆርጬ በዘይትና በእርድ አገላብጠዋለሁ። ከነልጣጩ ያልተቀቀለ ድንች ልጅ እጅ ላይ ይፈርሳል። ሩዙን በአራት ድስት እከፍለዋለሁ፤ በአንድ ትልቅ ድስት የተሠራ ሩዝ ከሥር ሲያር ከላይ ጥሬ ነው። ሙዙ የሚላጠው ልጆቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው፣ አለዚያ ይጠቁራል።

ምግቡ ላይ እርግጠኛ ነበርኩ። ልጁ ላይ ግን ምንም አላውቅም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ፊኛ ተነፋ፣ የላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ማይክ የያዘ ወጣት መጣ። የመጣው ሰው እንደተባለው መቶ አርባ ደረሰ። ሰላማዊት ልጁን ከጠዋት ጀምራ ከእጇ አልለቀቀችውም፤ ስለዚህ አያቱ ሳያበሉት ወረደ። እማማ ፋንታዬም ተከትለው ወረዱ። ነጠላቸው ሥር የያዙት ነገር ነበር፤ አየሁና ያላየሁ መሰልኩ። ጨጨብሳ ነበር።

ስልሳው ልጅ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀመጠ። ትሪዎቹን አወጣሁ። ድንቹ እንደ ጉድ ተወደደ። ናሆም መሃል ላይ፣ ወርቃማ የወረቀት ዘውድ ደፍቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ወላጆች ስልካቸውን አወጡ። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ፣ የልጁ ፊት በስልክ ተከበበ። ያን ጊዜ ማይክ የያዘው ወጣት ሞቅ ብሎት፣ «አሁን ባለ ልደቱ ናሆም ይበላልናል! እስኪ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ።

መቶ አርባ ሰው አጨበጨበ።

«አታጨብጭቡ!» ብዬ ጮህኩ።

ከየት እንደመጣ አላውቅም። በሠላሳ አራት ዓመት ድግስ ላይ ጮሄ አላውቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ትሪ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ናሆም በዚህ መሃል ከወንበሩ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። እማማ ፋንታዬ ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ደርሰው ነጠላቸውን ጣሉበት። ሰላማዊት ከወዲያ መጥታ የነጠላውን ጫፍ ያዘች።

«እማዬ በቃ! ዛሬ እንኳ ይብቃው!»

«ልቀቂ! ልጁን ልታስበይብኝ ነው?»

«እየገደልሽው ያለሽው አንቺ ነሽ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ሁለቱም ቃል ሰጥቻቸዋለሁና። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። እናቲቱ እውነቷን ነው፤ አሮጊቷም የሚወዱትን ልጅ እየጠበቁ ነው። እኔ ማን ነኝና ልፍረድ?

ነገሩን የፈታችው ሐናን ናት። ሐናን የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ልጅ፣ አምስት ዓመቷ ነው። እኛ ትልልቆቹ ስንጓተት እሷ መሬት ላይ በሆዷ ተኛችና የነጠላውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ፣ «ናሆሜ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለችው።

«ቤት ነው» አለ ከውስጥ።

«እኔም ልግባ?»

«ግቢ» ሲል ሰማሁት።

ገባች። ወንድሟ ተከተለ። ሌላ ልጅ ጮኸ፣ «እኔስ?» ነጠላው ስለማይበቃ ሰላማዊት የያዘችውን ለቀቀች። እኔም ሳላስብበት ከጠረጴዛው ላይ ሳህኖቹን አነሣሁና ረጅሙን የጠረጴዛ ልብስ ወደ መሬት ሳብኩት፤ የድንቹን ትሪም በሥሩ ገፋሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን መቆጣጠር አልተቻለም። ከየጠረጴዛው ልጅ እየተሳበ ወደ ጨርቁ ሥር ገባ። አንዱ ጫማው ጠፋበት፣ አንዷ ለስላሳ ደፋች፣ ሩዙ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። የዝንጀሮ ፊት ያለውን ዳቦ ረገጡት።

እኛ ትልልቆቹ የሚንቀሳቀስ ነጭ ጨርቅ ከብበን ቆምን። ማይክ የያዘው ወጣት ማይኩን አጠፋው።

«እየበላ ነው?» አለችኝ ሰላማዊት በሹክሹክታ።

«አይታየኝም።»

«ይዩት እንጂ!»

አላየሁም። ጨርቁን መግለጥ አቃተኝ። እማማ ፋንታዬ ጨጨብሳቸውን እንደያዙ ቁጢጥ ብለው ጆሯቸውን ሰጥተዋል። ከውስጥ የሚሰማው ሳቅና የሳህን ድምፅ ነው፤ የማን ሳቅ እንደሆነ አይለይም። እንደገና አንድ ልጅ ይታመምብኛል ብዬ ፈራሁ።

ብዙ ቆይቶ ናሆም በወዲያኛው በኩል ወጣ። ዘውዱ ጠፍቷል፣ ፀጉሩ ላይ ሩዝ አለ። በቀኝ እጁ የተጨፈለቀ ድንች ጨብጧል። በሰዉ መሃል አልፎ ቀጥ ብሎ አያቱ ጋ ሄደና እጁን ወደ አፋቸው ዘረጋ።

«እማማ፣ ጉርሻ።»

እማማ ፋንታዬ ግራ ቀኝ አዩ። መቶ አርባ ሰው፣ ያ ሁሉ ስልክ። ልጁን ወደ ደረጃው ሊወስዱት እጁን ያዙት፤ አልተነቃነቀም። የሕፃን ጉርሻ እምቢ አይባልም። አፋቸውን ከፈቱ፤ አጎረሳቸው። እያላመጡ እንባቸው ወረደ። እሱ አፍ አፋቸውን እያየ ቆየና እጁ ላይ የቀረውን ድንች፣ እዚያው ቆሞ፣ ሁሉ ሰው ፊት፣ ወደ አፉ ከተተው። አላምጦ ዋጠው፤ ጣቱንም ላሰ።

ሰላማዊት በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እኔ ደስ ይበለኝ ልፍራ አላወቅሁም፤ ሁለቱም ነበረብኝ። ድንቹ ይሁን፣ ጨርቁ ይሁን፣ ሐናን ትሁን ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም። ማይክ የያዘው ወጣት ሊናገር ሲል በዓይኔ አስቆምኩት።

ናሆም ሊሄድ ሲል እማማ ፋንታዬ ክንዱን ያዙት።

«ና እንጂ፣ ወዴት ነው? አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉት። «ድገመኝ።»

ልጁ ወደ ትሪው ሮጠ። እማማ ፋንታዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፋቸውን ከፍተው ጠበቁት።